ግጥም የሚታረመው በሰሚ ጆሮ ነው

(በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በአንድ የግጥም ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ብቻ የተስተካከለ)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ የእድራችን አመራርና አባላት፣ ከጣፎና ከአያት በባጃጅም በእግርም የመጣችሁ ወጣቶች፣ ግጥም ጽፋችሁ ወረቀቱን አጥፋችሁ በኪሳችሁ የያዛችሁ፣ ሳትጽፉም ልትሰሙ ብቻ የተገኛችሁ ሁሉ፣ እንደምን አመሻችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ከሁሉ አስቀድሜ ይህንን ቤት ለፈቀዱልን የእድራችን አመራሮች ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ይህ ቤት፣ እንደምታውቁት፣ ሰፈሩ ሲሠራ ለጋራ መጠቀሚያ ተብሎ የተሠራ ነው። በግ ይታረድበታል፤ በርበሬ ይቀነጠስበታል፤ ለቅሶ ይቀመጡበታል፤ የቤት ባለቤቶች ስብሰባ ሲጠራም ስለ ውኃና ስለ ጥበቃ ደመወዝ እስኪሰለቸን እንጨቃጨቅበታለን። ዛሬ ደግሞ ግጥም ሊነበብበት ነው። የተቀመጣችሁባቸው አግዳሚዎችም የእድሩ ናቸው፤ ነገ ጠዋት ለሌላ ጉዳይ ስለሚፈለጉ ስንወጣ ቆጥረን እንደምናስረክብ ቃል ገብተናል።

አዘጋጆቹ ስለ አንድ ገጣሚ ውሎና አመሻሽ እንድናገር ነው የጠየቁኝ። እኔም ነገሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። በመጀመሪያ ግጥም የት እንደሚጻፍ፣ ቀጥሎ የት እንደሚሰማ፣ በመጨረሻም በሚሰማበት ጊዜ ምን እንደሚሆን እናገራለሁ። ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ መቆየቴ ስለማይቀር ከወዲሁ ይቅርታችሁን እለምናለሁ።

እንግዲህ ግጥም የት ይጻፋል? ብዙ ሰው ገጣሚ ሲባል በሌሊት ብቻውን ተቀምጦ፣ ጸጉሩን አንጨብርሮ፣ በመስኮት ጨረቃ እያየ የሚተክዝ ሰው ይታየዋል። እንዲህ ያለው ገጣሚ አይጠፋ ይሆናል። እኔ ግን የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ማታ ማታ የማየው የተማሪዎቼን ደብተር እንጂ ጨረቃን አይደለም። የእኔ ግጥም የሚጻፈው ጠዋት ከዚህ ተነሥቼ ኮተቤ እስክደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ይጻፋል ስል በአፌ ማለቴ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንዲት ሐረግ እይዛለሁ፤ ሃይገሩ ሲመጣ እሷን በአፌ እያመላለስኩ ተጋፍቼ እገባለሁ፤ ከዚያ በአንድ እጄ የጣሪያውን ብረት ጨብጬ በሌላው እጄ ጣቶች ቀለም፣ ማለትም የስንኙን የድምፅ ክፍሎች፣ እቆጥራለሁ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የቆሙ ሰውዬ ጣቶቼን አይተው «ገንዘብ ጎደለሽ እንዴ?» ብለውኛል። ጎድሎኝስ ነበር፤ የጎደለኝ ግን አንዲት ቀለም ነበረች።

ወጣቶቹ ይህንን በትምህርት ቤት ተምራችሁታል፤ ላልተማሩት ግን ባጭሩ ላስረዳ። አማርኛ ግጥም በብዛት የሚሄድበት ምጣኔ የወል ቤት የምንለው ነው። ስንኙ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ በመጀመሪያው ሐረግ ስድስት ቀለም፣ በሁለተኛውም ስድስት ቀለም ይገባል። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው፤ ቡሄ በሉ ቤት ደግሞ አራት አራት። ይህን ቁጥር ሳይቆጥር የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ዝም ብለው ሲናገሩ ስድስት ስድስት እየሆነላቸው የሚወጣላቸው እናቶች በዚህ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እኔ በጣቴ የምለፋበትን እነሱ ልጅ እሹሩሩ እያሉ ይጨርሱታል።

በቅኔ ቤት የሥራው አካሄድ የታወቀ ነው። ተማሪው ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ነጠላውን ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል። መቁጠር የሚባለው በልብ መድረስ፣ ማዘጋጀት ነው። ወደ ማታ ግን ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል። መምህሩም ይሰማል፤ ከጎበጠው ላይ ያቃናል፤ ያልሆነውን ይጥላል፤ ጓደኞቹም አብረው ይሰማሉ። ስመ ጥር በሆኑት የቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራም፣ በጎንጅም፣ በዋድላም ቢሆን መንገዱ ይኸው ነው። ቆጥሮ ያልነገረ ተማሪ ገና ቅኔ አላቀረበም። ይህንን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ የዛሬዎቹ መቁጠሩን ይዘን ነገራውን ትተነዋል፤ ወይም ደግሞ ነገራውን ወደ ትርኢት ለውጠነዋል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልሻገር። ግጥም የት ይሰማል? በአማርኛ ቋንቋ ከተጻፉትና እስከ ዛሬ ከደረሱን ጽሑፎች መካከል ከጥንታዊዎቹ የሚቆጠሩት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለዐፄ ዓምደ ጽዮን የተገጠሙት የወታደሮች መዝሙሮች ናቸው። እስቲ አስቡት፤ በቋንቋችን ቀድሞ ከተጻፈው ውስጥ ግጥም አለ፤ ያም ግጥም በሠራዊት መካከል በድምፅ የተባለ ነው። ከዚያ ወዲህም ግጥም ከሰው መሀል ወጥቶ አያውቅም። ፉከራው፣ ቀረርቶው፣ የሠርጉ ዘፈን፣ የለቅሶው ሙሾ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት የሚባል ነው። በአዝማሪ ቤትማ ሰሚው ራሱ ገጣሚ ነው፤ ከተቀመጠበት ሆኖ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆው ይመልስለታል። በ1950ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኮሌጅ ቀን በሚሉት በዓላቸው ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከፊት ተቀምጠው የድሃውን ኑሮ የሚናገር ግጥም ያነቡ ነበር። ያን ግጥም ወረቀት ላይ ብቻ ጽፈው ቢያስቀምጡት ኖሮ ማን ይደነግጥ ነበር?

የኛ ዘመን ሰውም የየራሱ ትዝታ አለው። ፑሽኪን አዳራሽ አለ፤ የወመዘክር፣ የብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ አዳራሽ አለ፤ ስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የባህል ማዕከል አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ግጥምን ከጃዝ ጋር ማቅረብ ተጀመረና በራስ ሆቴል አዳራሽ በየወሩ ወንበር እስኪጠፋ ድረስ ሰው ይሞላ ነበር። ሰው ለግጥም ብሎ የመግቢያ ትኬት መግዛት መልመዱ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ያደረጉትን ሰዎች አመሰግናቸዋለሁ፤ ትችቴን ከማቅረቤ በፊት ይህ ተመዝግቦ ይያዝልኝ።

ነገር ግን የጠራኋቸውን ቦታዎች እስቲ በልባችሁ ካርታ ላይ አስቀምጧቸው። ሁሉም መሀል ከተማ ናቸው። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እኔ ከሁሉ በላይ የተደሰትኩት ለግጥም ብዬ ነው። ከአያት ተሳፍሬ፣ በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ አድርጌ፣ ስታዲየም ወርጄ ወደ ራስ ሆቴል በእግሬ መሄድ እችላለሁ ብዬ ነበር። መሄዱስ ይቻላል። ችግሩ ከመመለሱ ላይ ነው። ምሽቱ በአሥራ አንድ ተኩል ይጀመራል ተብሎ በአሥራ ሁለት ተኩል ይጀመራል። የክብር እንግዳ ይናገራል፤ ስፖንሰር ይመሰገናል፤ ስሙ ያልገነነው፣ ከዳር የመጣው ገጣሚ መጨረሻ ላይ ይያዛል። ተራው ደርሶ አንብቦ ሲወርድ መገናኛ ላይ የአባዶ ታክሲ የለም። ወንድ ከሆነ ኮሌታውን አቁሞ ይጠብቃል። ሴት ከሆነችስ? ኮንትራት ታክሲ ትይዛለች፤ የምትከፍለውም በነጻ ካነበበችበት መድረክ የመግቢያ ዋጋ በብዙ እጥፍ የበለጠ ነው። በዚህ ምክንያት መጻፍ የተዉ ሴቶች አሉ። ተሰጥኦ አጥተው እንዳይመስላችሁ፤ ማታ ወደ ቤት የሚመልሳቸው አጥተው ነው። ከአንድ አዘጋጅ ጋር በዚህ ጉዳይ ስንነጋገር «ለጥበብ መሥዋዕትነት ያስፈልጋል» አለኝ። እሱ የሚኖረው ካዛንቺስ ነበር።

በመገናኛ ሰልፍ ላይ ከያዝኳቸው ስንኞች አንዷን ልንገራችሁ፤ ወደ ሦስተኛው ነጥቤም በእሷ በኩል እገባለሁ። መጀመሪያ እንዲህ ነበረች።

የታክሲው ሰልፍ ረዝሞ፣ መሸብኝ መገናኛ፤
ግጥሜ ሰሚ አጥቶ፣ ደክሞት ጎኔ ተኛ።

ይህችን ስንኝ አንድ እሑድ እኛ ብሎክ ታች፣ ልብስ ከምናሰጣበት አጠገብ፣ ቡና ላይ ተናገርኳት። ሁሉም ሳቁ። አንዲት እናት ግን፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው «እስቲ ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። «ልጄ፣ ‹መሸብኝ› ስትዪ ላንቺ ብቻ መሸ አልሽ። ሰልፉ ላይ ያለው ሰውስ? ለእሱ ነጋለት?» አሉኝ። እኔም «እማማ፣ ታዲያ ምን ልበል?» አልኳቸው። እሳቸውም «መሸ በያ! ሲመሽ ለሁሉም ነው የሚመሸው» አሉና ቡናቸውን አነሡ።

እስቲ እንደ እሳቸው አድርገን እንበላት።

የታክሲው ሰልፍ ረዝሞ፣ መሸ መገናኛ፤
ግጥሜ ሰሚ አጥቶ፣ ደክሞት ጎኔ ተኛ።

የሆነውን ልብ ብላችኋል? «መሸብኝ መገናኛ» ሰባት ቀለም ነው፤ «መሸ መገናኛ» ስድስት። እሳቸው ቀለም አልቆጠሩም፤ የቆጠሩት ሰው ነው። የፍትሕ ነገር አንሥተው ነበር የተናገሩኝ፤ ምጣኔውም አብሮ ተቃናልኝ። መሀል ከተማ ከመድረክ ላይ ሆኜ ብላት ኖሮ ግን ተጨብጭቦልኝ፣ እስከነሰባት ቀለሟ መጽሐፍ ውስጥ ትገባ ነበር።

እንግዲህ የማምንበትን በግልጽ ልናገር። ጭብጨባ ግጥም አያርምም። ጭብጨባ የሚመጣው ሰሚው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር፣ እሱም ሊለው ይፈልግ የነበረውን ነገር ሌላ ሰው ሲልለት ነው። ስለዚህ ጭብጨባ የለመደ ገጣሚ ሰው የሚያውቀውን ብቻ እየፈለገ ይጽፋል። በየአራት ስንኙ አንዲት ማሳቂያ፣ በየስምንት ስንኙ አንዲት ባለሥልጣንን ጎሸም ማድረጊያ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «እናት» ወይም «ሀገር» የሚል ቃል ካስገባ አዳራሹ ይነሣለታል። በዚህ መንገድ የተሠሩ ግጥሞችን ስንቶቻችን ሰምተን አጨበጨብን? ስንቶቻችንስ ቤታችን ስንደርስ ከዚያ ውስጥ አንዲት ስንኝ ይዘን ተገኘን?

ሙዚቃውም እንደዚሁ ነው። ክራርና ዋሽንት፣ ጃዝም ቢሆን፣ ጥሩ ግጥምን ያጅባሉ፤ የተሰበረ ግጥምን ደግሞ ይሸፍናሉ። አንድ ወዳጄ ከሙዚቃ ጋር አንብቦት ሰው ያስለቀሰበት ግጥም ነበረው። በዓመቱ እዚህ ሰፈር፣ ሙዚቃ በሌለበት፣ ልጅ በሚያለቅስበትና የጎረቤት ቴሌቪዥን በሚጮህበት ቤት ሲያነብበው መሀሉ ላይ ራሱ አቆመ። «እዚህ ጋ ሳክስፎን ነበረ» አለን። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ወደ ቤቱ ሄዶ ያንን ቦታ እንደገና ጻፈው፤ ዛሬ ያ ግጥም ያለ ሳክስፎን ይነበባል።

በዚህ ቤት ውስጥ ከሰማኋቸው ግጥሞች ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው በግጥም ምሽት የተባለ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታችን ሲያርፉ፣ ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ ለቅሶው የተቀመጠው እዚሁ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያሽከረክሩ የኖሩ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ከገጠር የመጡ አክስታቸው ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ አወረዱ።

ስንቱን ሰው አድርሰህ፣ አውርደህ ከቤቱ፤
አንተ ብቻ ምነው፣ ቀረብህ መምጣቱ።

በዚያ ቀን ማንም አላጨበጨበም። ነገር ግን ሴቶቹ ሁሉ ተቀብለው መልሰው አሉት። በሠልስቱ፣ አክስትየዋ በሌሉበት፣ ሌላ ሴት ያንኑ ስንኝ ስትል ሰማኋት፤ ከወር በኋላም አንድ የታክሲ ረዳት እንጀራ መሸጫው በር ላይ ለጓደኛው ሲነግረው ሰማሁ። ስንኙን ማን እንዳወጣው አያውቅም። ይህ ነው እንግዲህ የኔ መለኪያ፦ ግጥም አለቀ የሚባለው ሰሚው መልሶ ሊለው ሲችል ነው። ተመልከቱት፤ በስንኟ ውስጥ «ሞት» የሚል ቃል የለም፣ «ሐዘን» የሚል ቃል የለም። ያለው የሟቹ ሥራ ነው። ማድረስ፣ ማውረድ፣ ወደ ቤት መምጣት። ሰውየውን የማያውቅ ሰሚ እንኳ ሹፌር እንደነበሩ ይገባዋል።

«ታዲያ ቤት የማይመታው ግጥምስ?» የሚለኝ ወጣት እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እንዲያውም ከኋላ ፈገግ ሲሉ እያየኋቸው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊም ገጣሚም ነበር፤ እሱና ሰሎሞን ደሬሳ ከተለመደው ምጣኔና ከቤት መምታት ወጥተው ሲጽፉ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የራሱን ረጅም ስንኝ ይዞ ነው የመጣው። እኔ ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። ቤት የማይመታ ግጥምም ተመልሶ ይባላል፤ የሚያስይዘው ግን ድምፁ ስላልሆነ ምስሉ ጠንካራ መሆን አለበት። ቤት አለመምታት ከድካም መሸሻ ከሆነ ሰሚው ወዲያው ያውቃል። በዓይን ብቻ ሊነበቡ የሚገባቸው ግጥሞችም አሉ፤ እነሱን በወረቀት አባዝታችሁ አድሉን፤ ቤታችን ወስደን በጸጥታ እናነባቸዋለን፤ በግጥም ምሽት ላይ ግን ጮክ ብላችሁ አታንብቧቸው።

የቲክቶኩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ስልክ አውጥታችሁ መቅረጻችሁን አልከለክልም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ አንባቢው ጨርሶ ሳይወርድ አትልቀቁት፤ ቆርጣችሁም ማሳቂያዋን ብቻ አትልቀቁ። ግማሽ ግጥም ተለቅቆበት ያልጻፈው ስድብ የተጻፈበት ልጅ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መድረክ አልወጣም።

እንግዲህ ለዛሬው ምሽትና ወደፊት በየወሩ እንዲሆን ለምንፈልገው ስብሰባችን ከአዘጋጆቹ ጋር የተስማማንበትን ሥርዓት ልንገራችሁ። እዚህ ቤት አንባቢ አንብቦ ሲጨርስ ጭብጨባ የለም። እንደ መኮነን አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ ለእንግዳ ክብርም፣ ለልጆቹም ማበረታቻ እጃችሁ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ያዙት። በጭብጨባው ፈንታ ጥቂት ዝም እንላለን። ከዚያ ከእናንተ መካከል ማንኛውም ሰው፣ የተማረም ያልተማረም፣ የያዘውን አንድ ስንኝ መልሶ ይላል። ከተሳሳተም አይታረም፤ እንደያዘው ይበለው። ገጣሚው እሱ ጽፎት ከነበረው ይልቅ ሰሚው አሳስቶ የያዘው የተሻለ ሆኖ የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ማንም ምንም ካልያዘ ደግሞ ገጣሚው ያንን ግጥም ይዞ ይመለስና በሚቀጥለው ወር እንደገና ያቅርበው። ይህ ውርደት አይደለም፤ በቅኔ ቤትም የወደቀ ቅኔ ነገ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ሥርዓት ስለ ሰዓት ነው። ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት ጀምረናል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንጨርሳለን። ከዚያ በላይ የሚያስረዝም አንባቢ ቢኖር ጸጋዬንም ቢሆን አስቆመዋለሁ። ከጣፎ የመጡት ታክሲ የሚያገኙበት ሰዓት ነው፤ ወደ አያት የሚሄዱት ልጃገረዶች ደግሞ አብረዋቸው የሚሄዱ ሁለት የሰፈር ወንድሞች ተመድበዋል፤ ስማቸው በር ላይ ተለጥፏል። መጀመሪያ የሚያነቡት ሴቶችና ከሩቅ የመጡት ናቸው፤ እዚሁ ብሎክ የምንኖረው መጨረሻ ላይ እናነባለን። እኔ የመጨረሻዋ ነኝ፤ ሰዓቱ ካለቀ ሳላነብ አግዳሚ እሰበስባለሁ።

መብራት ከሄደ ስብሰባው አይቋረጥም። ድምፅ ማጉያ የለንም፤ የሚጠፋብንም የለም። ግጥማችሁን በቃላችሁ የያዛችሁ ትቀጥላላችሁ፤ ከወረቀት የምታነቡት ደግሞ የጎረቤታችሁን ስልክ መብራት ተበደሩ።

የመጀመሪያዋ አንባቢያችን ከጣፎ የመጣችው ተማሪ ናት። ልጄ፣ ነይ ወደዚህ፤ ከመስኮቱ አጠገብ ቁሚ፤ እናቶች ከኋላ እንዲሰሙሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። እናንተ ደግሞ እጃችሁን ያዙ።